ያልተመረቀችው ብስክሌት

ብስክሌቴ ስም የላትም። ጥቁር ናት፤ ከመሪዋ እስከ ኋላ ጎማዋ አንድ ፊደል አልተጻፈባትም። እሁድ ማለዳ የሐይቁን ዳር ይዤ ስወጣ የባጃጅ ሾፌሮች አንገታቸውን አውጥተው «የየት ናት?» ይሉኛል። «የእኔ» እላቸዋለሁ። «አይ፣ ካምፓኒዋን ማለቴ ነው» ይላሉ። ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቴና እናቴ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን ተዛውረው መጥተው እኔን ታቦር ተራራ ሥር ወለዱኝ፤ አርባ አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ከተማ ንቅንቅ አላልኩም። ያም ሆኖ «አገርሽ የት ነው?» ሲሉኝ «ሐዋሳ» ካልኩ፣ «አይ፣ ዋናው አገርሽ?» የሚለኝ አይጠፋም። ለሰውም ለዕቃም «ዋናው» ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ያናድዱኛል። ስለዚህ ለብስክሌቴም አልመልስላቸውም።

ብስክሌት ስል ሳር የምትጭነዋን ማለቴ አይደለም። እኛ ኮርስ የምንላት፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማዋ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይሰፋ የውድድር ብስክሌት ናት። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ሳይነዳ ያደገ የለም ማለት ይቻላል፤ ደህና ኮርስ ያለው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። እሁድ እሁድ ተሰብስበን የምንነዳው ዘጠኝ ነን። ስምንቱ ወንዶች ናቸው። ዘጠኝ ሰው ውድ ብስክሌት ይዞ ሲሰበሰብ ስለ መንገድ የሚያወራ ይመስላችኋል? የሚያወራው ስለ ስም ነው። የእኔ የዚህ አገር፣ ያንተ የዚያ አገር፣ የእገሌ ካምብዮ፣ የእገሌ ፍሬን። አንድ ጊዜ ከቤት እስከ ሻሸመኔ ያለውን መንገድ ሁሉ ስለ ኮርቻ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። በኮርቻው ላይ የተቀመጠውን ሰው ያነሳው የለም።

እኔ ደግሞ ስም የማይሰማ ማሽን አጠገብ ነው የምውለው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የግንባታ ዕቃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ሥራዬ መስበር ነው። ተቋራጮች ለሕንፃ ከሚሞላው ኮንክሪት ናሙና ያመጡልኛል፤ ማሽኑ ውስጥ አስገብቼ እስኪፈረካከስ ድረስ እጫነዋለሁ፤ ምን ያህል እንደቻለ እጽፋለሁ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ በእገሌ ሲሚንቶ የተሠራ ነው» ይሉኛል፣ ማሽኑ ሰምቶ እንዲራራላቸው ይመስል። ስንት ጊዜ ስመ ጥሩው ሲሚንቶ ውሃ በዝቶበት እንደ ደረቅ ዳቦ ሲፈረፈር፣ ማንም የማያውቀው ደግሞ ማሽኑን ሲያስጮኸው አይቻለሁ! ሃያ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው በማስታወቂያ አይሸወድም ብዬ ብፎክር ግን ውሸታም እሆናለሁ። እኔም የስም ባሪያ ነበርኩ።

ነገሩ ከቤት ይጀምራል። እናቴ ከአንድ የሻይ ቅጠል በቀር ሌላ በአፏ አይዞርም ነበር። አንድ ክረምት ያ ሻይ ቅጠል ከገበያ ጠፋ። የተገኘውን ርካሽ ገዝቼ ባዶው ቆርቆሮ ውስጥ ገለበጥኩላት። አንድ ፉት አለችና «ይኸው! ሻይ እንዲህ ነው እንጂ!» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ወጥ ቤት ገብቼ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። በእናቴ የሳቅኩት እኔ፣ በዚያው ሳምንት ለጓደኞቼ «ከጣልያን ውጭ ያለ ብስክሌት ብስክሌት አይደለም» ብዬ ስሰብክ ነበር።

ይህን ሃይማኖት ያስተማሩኝ አሠልጣኛችን ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ዛሬ ሰባውን አልፈዋል። በአሥራ አምስት ዓመቴ ከትምህርት ቤት ስወጣ የጎረቤት ብስክሌት ይዤ ያኔ ባጃጅ ያልገባበትን አስፋልት ስበርበት አይተው «አንቺ፣ ነገ ነይ» አሉኝ። በነጋታው አንዲት አረንጓዴ የጣልያን ኮርስ ላይ አስቀመጡኝ። ከዕድሜዬ በላይ ያረጀች ነበረች። ከኮርቻዋ ስወርድ እያለቀስኩ ነበር፤ ደስታ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበራ። ጋሼ «ጣልያን ናት» አሉኝ፣ ሁሉንም ነገር የሚያስረዳ ይመስል። እኔም አመንኩ። ሦስት ዓመት ለክልሉ ተወዳደርኩ። የማውቀውን ሁሉ፣ ነፋስ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚተነፈስ፣ ወንድ ሲስቅብኝ እንዴት አልፌው እንደምሄድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ የምጨነቅለት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይህን የምናገረው በኋላ የሆነው ለምን እንደቆረቆረኝ እንድታውቁልኝ ነው።

በቡድናችን አንድ ልማድ አለ። አዲስ ብስክሌት የገዛ ሰው ያስመርቃል። እሁድ ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ጋሼ መዳፋቸውን ኮርቻው ላይ ያሳርፋሉ፤ መጀመሪያ ብስክሌቷን በፋብሪካ ስሟ ይጠራሉ፤ ቀጥለው «ጎማሽን እሾህ አይንካው፤ በወሰድሽው እግር መልሺው» ይላሉ። እትፍ እትፍ ይሉባታል። እኛ አሜን እንላለን። ከዚያ እንነዳለን፤ ስንመለስ ባለቤቱ ሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወስዶ ዓሣ ያበላል። ከዚህ ሥርዓት ውጭ የገባ ብስክሌት የለም። አንዴ የተመረቀችውንም ጋሼ በየእሁዱ ስንነሳ በስሟ እየጠሩ ዳግም ይመርቋታል። ነገሩ ከቀልድ ያልፋል። በአንድ መስመር ተሰልፈን፣ የአንዱ የፊት ጎማ የሌላውን የኋላ ጎማ ሊነካ አንድ ስንዝር እስኪቀረው ተጠጋግተን ነው የምንነዳው፤ የፊተኛው ነፋሱን ለኋለኞቹ ይቆርጥላቸዋል። የፊተኛው ከወደቀ ሁሉም ይወድቃል። የተመረቀ ብስክሌት ማለት ከኋላው ልትነዳ የምትደፍረው ብስክሌት ማለት ነው።

አሮጌዋ ኮርሴ በቃኝ ስትል አዲስ ለመግዛት ቆረጥኩ። ዓመታት ያጠራቀምኩት ነበረኝ፤ በዕድሜዬ ሌላ ልገዛ እንደማልችል አውቀዋለሁ። ከቡድናችን አንዱ የባንክ ኃላፊ ነው። የጣልያን ካርቦን ብስክሌት አለው፤ እውነት ለመናገር ውብ ናት፤ ከነዳት ይልቅ ያጠባት ይበዛል። «ካልሽ አይቀር ይሄን ግዢ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አለኝ። ልቤም ወደዚያው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በስልኬ ፎቶዋን ሳይ አመሸሁ። ከዚያ ግን የሥራ ልማዴ አልለቅ አለኝ። ያ ገንዘብ ምን ምኑን ይገዛል ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ለሦስተኛ ዲግሪ ቻይና የሄደ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ የሚማረው እንደ እኔው ስለሚሰበር ነገር ነው። ጻፍኩለት። ለትልልቅ ስሞች ቴላዮ፣ ማለትም የብስክሌቱን አጥንት፣ የሚሠራ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ነው ያለው። ፋብሪካው በራሱም ስም ሳይለጥፍ ይሸጣል። ባልደረባዬ ከዚያ ዓይነት አንዱን በትምህርት ቤቱ ማሽን ጭኖ ሰበረው፤ ስመ ጥር ከሆነ አንድ ሌላም አሮጌ አግኝቶ ሰበረ፤ የሁለቱንም ውጤት ላከልኝ። እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ማንበብ እንጀራዬ ነው። ስም የሌለው የባሰ አልነበረም። እንዲያውም ትንሽ በለጠ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም አልልም፤ ጥሩ አድርጌ ተኛሁ። ጠዋት «ስም የሌላትን አምጣልኝ» ብዬ መልእክት ላክሁ።

ስትመጣ በካርቶን ነበር። ሳሎን ውስጥ ራሴ ገጣጠምኳት። በአንድ እጄ ሳነሳት ከገዛሁት የድንች ዘንቢል ቀለለችኝ። በዚያ ሳምንት ማንም ሳያያት ጎህ ሲቀድ ከተማው መውጫ ላይ እስካለው ጥቁር ውሃ ድረስ ነድቻታለሁ። ምን ልበላችሁ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ ያለቀስኩትን ለቅሶ አለቀስኩ። ዓሣ የምትጠብሰውን ደንበኛችንን ለአሥር ሰው እንድታዘጋጅ አስቀድሜ አዘዝኳት።

እሁድ ጠዋት እንደተለመደው ሐይቁ ዳር ካለው አደባባይ ተሰበሰብን። ጋሼ በነጭ ኮፍያቸው መጡ። ብስክሌቴን ዞሯት። በጣታቸው መታ መታ አደረጓት። መነጽራቸውን አውልቀው ወልውለው መልሰው አደረጉ።

«ማን ትባላለች?»

«ስም የላትም፣ ጋሼ።»

«እንዴት ስም የላትም? የየት ናት?»

«የቻይና።»

የባንኩ ሰው ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማው የታሰረ ነበር። ጋሼ ኮርቻው ላይ ሊያሳርፉት የዘረጉትን እጅ ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ልጄ፣ ስም የሌለውን ነገር በምን ብዬ ልጥራው? አልመርቅም።»

«ወረቀቱን ላሳይዎት። ተሞክሯል እኮ።»

«ወረቀትሽን ለሕንፃሽ አድርጊው» አሉና ዞር አሉ። «ዛሬ ከኋላ ንጂ። ከሰልፉ ራቅ ብለሽ።»

ሃያ ዘጠኝ ዓመት በእሳቸው ሥር ነድቼ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ከፊት ሆኜ ለወንዶቹ ነፋስ የምቆርጥላቸው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ከአንድ የኤሌክትሪክ ምሰሶ እስከ ሌላው ያህል ርቄ የስምንት ወንድ ጀርባ እያየሁ ነዳሁ። ስንመለስ አሞራ ገደል ሄጄ ተቀመጥኩ። ዓሣው ደረሰ። ማንም አልመጣም። ያልተመረቀ ነገር ድግስ የለውም፤ ሥርዓት ነው አሉ። የምትጠብሰው ሴትዮ ሳህኑን እያየች «እንግዶችሽ የታሉ?» አለችኝ። ዙሪያዬን የቆሙትን አባ ኮዳዎች አሳየኋት፤ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ አሞሮች የዓሣ ፍርፋሪ ሲጠብቁ ልክ ሽማግሌ ይመስላሉ። ሁለት ዓሣ በእጄ ጠርጌ በላሁ። ለሴትዮዋና ለጎረቤቶቿ አከፋፈልኩ። የቀረውን ለአሞሮቹ ወረወርኩላቸው። ድግሴን በላሁ እንጂ አላፈርኩበትም። ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ፤ ይኸኛው ሌላ ለቅሶ ነበር።

በየእሁዱ ሄድኩ። በየእሁዱ ከኋላ ነዳሁ። የባንኩ ሰው ሆዱ አዛኝ ነው፤ አንድ ቀን ፒያሳ ማኪያቶ ጋብዞኝ «ለምን ትጎጃለሽ?» አለኝ። «መናኸሪያ ባጃጅ የሚያስጌጡት ልጆች ስቲከር ይቆርጣሉ። አንድ የጣልያን ስም ለጥፊባት። የጋሼ ዓይን ደክሟል፤ ‹ቀየርኩ› በያቸው፣ ይመርቁልሻል፤ ሁላችንም እንገላገላለን።» ከልቡ ነው የመከረኝ። ስኒዬን አስቀመጥኩና «እኔ በሥራዬ ውጤት ለውጪ ብለው ገንዘብ ያቀረቡልኝን ሰዎች ከቢሮ አስወጥቻለሁ» አልኩት። «አሁን በገዛ ብስክሌቴ ላይ ውሸት ልለጥፍ?» «ኧረ ቀስ በይ፣ ስቲከር ነው ያልኩሽ» አለኝ። ለእሱ ስቲከር ነው።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ። ከተማው ውስጥ ብስክሌት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጋሼ ቻይና ለምን እንደሚጠሉ ያውቃል። አሥራ ሰባት ዓመቴ ሳለ ክለባችን ከጣልያኖቹ ሌላ አንድ የቻይና ኮርስ ነበረው። የሚነዳው ከሁላችንም የሚበልጥ አንድ ተወዳዳሪ ነበር። ከሻሸመኔ ወደ ጥቁር ውሃ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው ሹካ ተሰበረና አስፋልቱ ላይ ተፈጠፈጠ። ዳሌውና እግሩ ተሰባበረ። ዳነ፤ ግን አንድ እግሩ አጠረ፤ ከዚያ ወዲያ ብስክሌት ላይ አልወጣም። ወደ ዘመዶቹ አገር ሄደ። «የቻይና ብረት ልጁን ፈጀው» ተባለ። ጋሼ ሲቆጡ ሰዎች «ተዋቸው፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው» ይላሉ።

እኔ የማውቀው ግን ሌላ ነው። ያ ሹካ ከመሰበሩ ሳምንት በፊት ጋሪ ገጭቶት ተሰንጥቆ ነበር። ውድድር ደርሷል፤ መለዋወጫ የለም። ጋሼ «ወስደሽ አስበይጂው» አሉኝ። በፌስታል ጠቅልዬ መናኸሪያ አካባቢ የነበረ ብየዳ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። በያጁ በየደው፤ ሲሰጠኝ «ይህ ብየዳ ለአጥር በር ይሆናል፤ ለሰው ነፍስ ግን አይታመንም። ለላኩሽ ሰው ንገሪ» አለኝ። አልነገርኩም። ውድድሩ ከቀረብን ጋሼ ያዝናሉ ብዬ ነው፤ ደግሞም ትልቅ ሰው ያዘዘውን ምን ብዬ እመልሳለሁ? ጋሼ የተበየደውን ገጠሙት፤ መረቁት። ከዚያ የሆነውን ነገርኳችሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ዝም አልኩ። ሰዉ «ቻይና» ባለ ቁጥር አብሬ ራሴን ነቀነቅኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው፤ አይጧ ግን እኔ ነበርኩ። መስበር ሥራዬ የሆነው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ማኪያቶውን ከጠጣን በኋላ የመጣው እሁድ የሻሸመኔ ዳገት ተራ ነበር። ከጥቁር ውሃ ሲነሱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ የዋህ ይመስላል፤ መሃሉ ላይ ግን ሳንባ ያወጣል። እንደታዘዝኩት ከኋላ ነዳሁ። ከዚያ የባንኩ ሰው ትከሻ ወዲያና ወዲህ ሲል አየሁ፤ ደከመ ማለት ነው። ዞሬ አለፍኩት። ቀጥሎ ያለውን አለፍኩት። አንዱ «ተው እንጂ!» አለኝ፤ ለሴት «ተይ» ማለትም ጠፍቶበት። ስምንቱንም አንድ በአንድ አለፍኩ። ብስክሌቴ ድምፅ የላትም፤ የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነበር። መንገዱ ሜዳ የሚሆንበት ቦታ ስደርስ ወረድኩና ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። ኮርቼ ነበር፤ ምን አባቱ።

ወንዶቹ ከመድረሳቸው በፊት አንዲት ባጃጅ እያቃሰተች መጣች። ጋሼ ነበሩ። እንደ ወትሮው ከአደባባዩ መርቀው ወደ ቤታቸው ሄደዋል ብዬ ነበር፤ ባጃጅ ተኮናትረው ኖሯል የተከተሉን። ወረዱ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ብስክሌቷን እዚህ ላይ ጫኛት» አሉኝ። «ቁልቁለቱን በእሷ አትወርጂም።»

«እወርዳለሁ፣ ጋሼ።»

«ቻይና ናት እኮ ነው የምልሽ! እዚህ ቁልቁለት ላይ የሆነውን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሏል፤ ለእሳቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። «ያ ሹካ የተሰበረው ቻይና ስለሆነ አይደለም። ተበይዶ ነው። ተሸክሜ የወሰድኩት እኔ ነኝ። በያጁ ‹ለሰው ነፍስ አይታመንም፣ ለላኩሽ ንገሪ› ብሎኝ ነበር። አልነገርኩዎትም። ከፈለጉ እኔን ይጥሉኝ፤ ብስክሌቴን ግን ባላጠፋችው አይፍረዱባት።»

ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ‹ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም› ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። የባጃጁ ሾፌር ሞተሩን አጠፋ። ጋሼ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ባለ ድንጋይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ለእኔም ነግሮኛል» አሉ።

አልገባኝም።

«በያጁ። ሂሳቡን ልከፍለው ስሄድ ለእኔም እንዲሁ አለኝ። ‹በዚህ ሰው አያስነዱ› አለኝ።» መንገዱን አዩ። «ተመርቆ የወጣ አይሰበርም ብዬ ነው። በእግዜር አምኜ ነው ስል ኖርኩ። ምኑን አምኜ፤ ውድድሩን ፈልጌ ነው። በእጄ መርቄ ነው ያን ልጅ የሰደድኩት።»

ሃያ ሰባት ዓመት እኔ በአንድ ወገን፣ እሳቸው በሌላ ወገን፣ አንድ ድንጋይ ተሸክመን ኖረናል፤ አንዳችን የሌላውን ሳናይ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወንዶቹ እያለከለኩ ደረሱ፤ ሁኔታችንን አይተው ራቅ ብለው ቆሙ።

«ስም ያለው ሲሰበር» አሉ ጋሼ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የሚጠየቅ አለ። ፋብሪካው ይጠየቃል። ስም የሌለው ሲሰበር የምጠየቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ነው። ገባሽ?»

ገባኝ። ከገባኝም በኋላ ግን ንዴቴ አልጠፋም። ለእሳቸው አዘንኩ፤ ለዚያ ሰው አጭር እግር አዘንኩ፤ ለአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጅም አዘንኩ። ነገር ግን በፍርሃታቸው ምክንያት ከሰልፍ ወጥቼ መቅረት አልፈልግም ነበር። ስቲከርም አልለጥፍም፤ ምርቃትም አልለምንም።

«እንግዲያው አይመርቁልኝ» አልኩ። «ምርቃት አልፈልግም። ይዩልኝ። በዓይንዎ፣ በጣትዎ ይዩልኝ። ያኔ ሁለታችንም ያላደረግነውን አሁን እናድርገው።»

ቀና ብለው አዩኝ። የተሳደብኩ መሰላቸው መሰለኝ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ብስክሌቴን በጎኗ አስተኛኋት። አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ፤ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው በዚያ ፀሐይ። ሳንቲም አውጥቼ ላቦራቶሪ እንደምናደርገው ሹካውን ከላይ እስከ ታች ቆርቆር እያደረግኩ አሳየኋቸው፤ «ውስጡ ያልተሰነጠቀ ካርቦን ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይጮኻል፤ የታመመው ቦታ ላይ ድምፁ ይሞታል» አልኳቸው። ሳንቲሙን ተቀበሉኝ። ጆሯቸውን አስጠግተው አንድ በአንድ ቆረቆሩ። እያንዳንዱን ብሎን በቁልፍ ነካኩ። አንዱን ሩብ ዙር አጠበቁት፤ እውነትም ላልቶ ነበር፤ እኔ ራሴ የገጠምኩት ነው። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና «ውረጂ» አሉኝ።

ወረድኩ። ከፊት ሆኜ።

ዛሬም ብስክሌቴ አልተመረቀችም። ከወንዶቹ ሦስቱ እስከ አሁን ከኋላዬ አይነዱም፤ መብታቸው ነው፤ ነፋሱን ራሳቸው ይቁረጡ። የባንኩ ሰው ከኋላዬ ይነዳል፤ «ጥላሽ ሰፊ ነው» ይላል። በስም የሚያምን ሰው በወረቀት አይመለስም፤ እኔም ልመልሰው ብዬ አልደክምም። ለተማሪዎቼ ግን እናገራለሁ፤ የሚሰበረው ስሙ አይደለም፣ አንድ ሰው እያወቀ ዝም ያለበት ቦታ ነው እላቸዋለሁ።

እሁድ ጠዋት ጋሼ ይመጣሉ። ስምንቱን እንደቆሙ፣ እጃቸውን ኮርቻ ላይ እያሳረፉ፣ በየስማቸው እየጠሩ ይመርቃሉ። የእኔ ጋ ሲደርሱ ከኪሳቸው ሳንቲምና ቁልፍ ያወጣሉ፤ ይንበረከካሉ። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው አውቃለሁ፤ «ይበቃል ጋሼ» ስላቸው አይሰሙኝም። ከዚያ ሌሎቹን «በሉ ደህና ግቡ» ብለው ይሸኛሉ። ቁልቁለት ባለበት እሁድ ግን ወደ ቤታቸው አይሄዱም። ጥቁር ውሃ ይወርዱና እኔ እስክመለስ ድረስ መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ።